ከፒያሳ እስከ ፒያሳ

አማቴ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ጣሊያን ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው የተወለድኩት» ይላሉ። የኛ ሰው ልደቱን በአንበጣው፣ በኅዳር በሽታው፣ በእገሌ ዘመን መቁጠር ልማዱ ነው። እርሳቸው ግን ጣሊያንን የሚጠሩት ለዘመን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም። ጣሊያን አባታቸውም ነው።

እርግጥ በወጣትነታቸው ይህን ደፍረው አይናገሩትም ነበር። መታወቂያቸው ላይ «የአባት ስም» በሚለው መስመር የሰፈረው የእናታቸው አባት፣ የደብረ ሲናው ባላገር ስም ነው። መልክ ግን ምስጢር አይጠብቅም። በልጅነታቸው ከወንዝ ውሃ ሲቀዱ «ሶላቶ!» እያሉ የሰደቧቸውን ልጆች እስከ ዛሬ ከነአባታቸው ስም ይቆጥሯቸዋል። ስለ ራሳቸው አባት የሚያውቁት ግን ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ስሙን፣ መካኒክ መሆኑንና የመጣበትን አገር ስም። ያንን የአገር ስም እናታቸው ያለ ፊደል፣ በጆሮ ብቻ ይዘው ኖረው ለልጃቸው አስረከቡ። እኛ ቤት ሲደርስ ግማሹ ተሸራርፎ፣ ግማሹ አማርኛ ሆኖ ነበር።

ሰውዬው የከባድ መኪና መካኒክ ሆኖ የሠራው ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያደርሰው መንገድ ሲቆረጥ ነው። ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስተው ያወጡትን ዋሻ፣ ያኔ በሙሶሊኒ ስም ይጠሩት የነበረውን፣ ወሎ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዋሻው ቁልቁል ደብረ ሲና ናት። ከዋሻው በላይ ደግሞ፣ በዚያው ጉምና በዚያው ብርድ ውስጥ፣ የኔ የአባቴ አባት ምንሽሩን ታቅፎ ያደፍጥ ነበር። አያቴ የመንዝ ሰው፣ የአምስቱ ዓመት አርበኛ ነው። ሥራው በዚያ መንገድ የሚያልፈውን የጠላት መኪና መጠበቅ ነበር።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም፣ በሠርጋችን ዕለት፣ አጎቴ ጠጅ ሞቅ ሲያደርገው ብድግ ብሎ «አባታችን አነጣጥሮ መተኮስ ቢያውቅ ኖሮ ዛሬ ሙሽራ ባልኖረችን!» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሙሽራዋም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ያ ሳቅ ከሆዴ ሳይወጣ ቀረ። ልጃችን ከተኳሹም ከተተኮሰበትም የተወለደች ናት፤ ታሪክን በክፍል ውስጥ «እኛ» እና «እነሱ» ብሎ ለሁለት መክፈል ቀላል ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ገበታ ዙሪያ ሲቀመጡ ግን ይቸግራል።

ይህችው ልጃችን ናት ነገሩን የቆሰቆሰችው። አንድ ዓመት ጣሊያንኛ ተምራ፣ ያንን የተሸራረፈ የአገር ስም ከካርታ ጋር እያመሳከረች፣ በሰሜን ጣሊያን ቤሉኖ በሚባለው ተራራማ አውራጃ ውስጥ አንዲት ትንሽ መንደር አገኘች። ስሙ ልክ ነበር። አያቷ የጎደለውን ድምፅ ስትነግራቸው «እሷን ነው!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

ጉዞው ሲሰማ ወዳጅ ዘመድ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ነው። «ወረቀት ልታወጡ ነው አይደል?» አልፈርድባቸውም፤ ዘመኑ የወረቀት ነው። ለነገሩ ያ በር ቢሆንም ጠብቧል። ጣሊያን በዘር ሐረግ ዜግነት የምትሰጥበትን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2025 አጥብቃ በአብዛኛው እስከ አያት ድረስ ወስናዋለች። ከዚያም በላይ፣ አባት ልጄ ናት ብሎ ያልፈረመላት ልጅ ሐረጓን በምን ታስረዳለች? አማቴን «ምን እናምጣልዎ?» ስላቸው ጥቂት አሰቡና «አስታውሶኝ እንደሆነ ጠይቁልኝ» አሉኝ።

«ማንን እማማ?»

«እዚያ ያለውን ሰው ነዋ!»

በዚህ መልእክት ነው በ2017 ዓ.ም. ክረምት እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ሮም የገባነው።

*

ሮም የኢዮቤልዩ ዓመት ላይ ስለነበረች ከዓለም ዙሪያ በመጣ ምእመን ተጨናንቃለች። ሰው ሁሉ ወደ ኮሎሴዎ ይጎርፋል። እኛም ሄድን፣ አየን፣ ተደነቅን፤ ስለ እሱ ግን ብዙ ስለተጻፈ አላደክማችሁም። እኔን ያስቆመኝ ገና ከባቡር ጣቢያው ስንወጣ ያገኘነው አደባባይ ነው። ስሙ «ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። በየቀኑ ስንትና ስንት ሺህ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት ጦር ነው። በአቅራቢያው ባለች አነስተኛ የአትክልት ስፍራ፣ ከጥንታዊት ግብጽ የመጣ ሐውልት ለእነሱ መታሰቢያ ቆሟል።

ፋሺስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ከባቡር ጣቢያችን ፊት የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው ያስቀመጡት እዚሁ ሐውልት ሥር ነው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘውም ያንን አንበሳ አይቶ ነው እየተባለ ተምረን አድገናል። ስለ አድራጎቱ ዝርዝር ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ እኔ ግን እዚያ ቆሜ ስለ ክርክሩ አላሰብኩም። አንበሳው ተመልሶ ዛሬ በቦታው እንዳለ አውቃለሁ። ልጄን «ቁሚ እዚህ ጋ» ብዬ ፎቶ አነሳኋት።

ቀጥለን የሄድነው የአክሱም ሐውልት ቆሞበት ወደነበረው ሥፍራ ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ፣ በጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ደጃፍ ተተክሎ ነበር። ያ ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የእርሻና የምግብ ድርጅት ነው። በ1997 ዓ.ም. 160 ቶን የሚመዝነው ድንጋይ ለሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ሲገባ፣ እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ራዲዮ ከፍተው ነበር። ትምህርቱን አቋረጥኩት። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ነሐሴ ላይ፣ ሥራው አልቆ ተመረቀ። አሁን የሮሙ ቦታ ላይ ብዙ የሚታይ ነገር የለም። ባለቤቴ «ባዶ ቦታ ሊያሳየን ነው እንዴ እዚህ ድረስ ያደረቀን?» አለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን በዕድሜዬ ካየኋቸው ባዶ ቦታዎች ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ የለም።

ሮም ግን ሁሉን አልመለሰችም፤ ሁሉንም አልተናገረችም። በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያ የሚባሉ ጎዳናዎች ያሉበት ሙሉ ሰፈር አለ። አምባ አራዳም የሚባልም መንገድ አለ፤ በየካቲት 1928 ዓ.ም. ራስ ሙሉጌታ ጦራቸውን ያጡበት ተራራ። ይባስ ብሎ በጣሊያንኛ «አምባራዳን» የሚል ቃል አለ። ትርጉሙ ዝብርቅርቅ፣ ትርምስ ማለት ነው። ከዚያው ተራራ ስም የመጣ ነው ይባላል። የኛ ሰው ያለቀበት ቦታ፣ በእነሱ አፍ የተዝረከረከ መሳቢያ ስም ሆኖ ቀረ። ቃሉን የሚጠቀሙት ሰዎች በክፋት አይደለም የሚሉት፤ ከየት እንደመጣ ስለማያውቁ ነው። የመርዝ ጋዙን ነገር እንኳ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ጋዙ ከዘነበ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ከሮም ብዙም በማትርቀው አፊሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ለግራዚያኒ፣ አዎ ለየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ፣ መታሰቢያ ተሠርቶለታል።

እኛስ? እኛ ደግሞ ከእነሱ የወሰድነውን ቃል ቆጥረነው እናውቃለን? መኪናችን የተሠራው በጣሊያንኛ ነው፤ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ካምቢዮው፣ ማርሹ። መብራቱ ላምባዲና፣ ገላ መታጠቢያው ባኞ፣ ዳቦ ቤቱ ፉርኖ። ካዛንቺስ የምንለው ሰፈር ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት የጣሊያን ቤቶች ስም ነው። መርካቶና ፒያሳም እንዲሁ። ያቺ የኛዋ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. አብዛኛው ክፍሏ ፈርሷል፤ ስሟ ግን ከታክሲ ረዳት አፍ አልወረደም። ልጄ ይህን ስነግራት «አባዬ፣ ሁሉም የዕቃ ስም ነው እኮ» አለች። አሰብኩት። እውነትም የስሜት ቃል የለበትም። ከነሱ የወሰድነው ብረቱን፣ ሲሚንቶውንና ሳልሳውን ነው።

ይህ ብቻ ግን የሁለቱ አገሮች ታሪክ መስሎ እንዳይታያችሁ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጥቷል። ማንም ዘው ብሎ የሚገባበት ስላልሆነ እኛም ከሩቅ ተመልሰናል። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ማተሚያ ቤት የገባው በዚህችው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 በመዝሙረ ዳዊት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ግዕዙን አዲስ ኪዳን አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1649 አባ ጎርጎርዮስ ለጀርመናዊው ሉዶልፍ ያን ሁሉ ቋንቋና ታሪክ ማስተማር የጀመሩትም እዚሁ ነው። ያን ጊዜ አስተማሪው የኛ ሰው ነበር።

ሃያ ዓመት ሙሉ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳስተምር፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ተማርከው ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉ የጣሊያን ደሴቶች እስከ እ.ኤ.አ. 1943 መታሰራቸውን ለተማሪዎቼ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የምነግራቸው። ሮም ላይ ካርታ ስዘረጋ ፖንዛ ቅርብ ናት። ራስ እምሩም የታሰሩት እዚያ ነው። የሚገርመው፣ ሙሶሊኒ ራሱ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ ለጥቂት ቀን የተጋዘው እዚያችው ደሴት ነው። «አንድ ቀን እንሂድ» ብዬ ባለቤቴን ለመንኳት። «እኔ የመጣሁት ለአያቴ ነው፤ ያንተ ደራሲ ይጠብቅ» አለችኝ። ጠበቁኝ። አልሄድኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

*

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ያለ እሱ የአማቴ መታወቂያ አይገባችሁምና።

ወረራው ሲጀመር ለወታደሩ «ፋቼታ ኔራ» የሚባል፣ ስለ አንዲት ጠይም ኮረዳ የሚያወራ ዘፈን ነበረው። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ግን የፋሺስቱ መንግሥት ዘፈኑንም አልወደደውም። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ አንድ ጣሊያናዊ ከቅኝ ግዛት ተገዥ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰር አለ። ልብ በሉ፤ ወንጀሉ ሴትን ማስገደድ አይደለም። በገንዘብ መግዛትም አይደለም። ወንጀሉ አብሮ መኖር፣ አብሮ መብላት፣ ማፍቀር ነው። ግንቦት 1932 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። ከኢትዮጵያዊት የተወለደን ልጅ ጣሊያናዊው አባት ልጄ ብሎ መቀበል አይችልም። ስሙን መስጠት አይችልም። የማሳደጉ ዕዳ በሙሉ የእናት ነው። ያን ጊዜ አማቴ ዳዴ ይሉ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ሰውዬው ምን ያድርግ? ሕግ ነው የከለከለው» ይላል። እኔም ከመሄዴ በፊት እንደዚያ ለማለት ይቃጣኝ ነበር። ሕጉ ግን ጣሊያን ከጦርነቱ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ1947 ሽራዋለች። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ይህን ይዘን ነው ወደ ሰሜን የሄድነው።

ከሮም ፓዶቫ በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ባቡር እየዘገመ ተራራ ውስጥ ይገባል። ቤሉኖ ላይ ወርደን አውቶቡስ ተሳፈርን። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ዝም አለች። ገደል፣ ጉም፣ ከድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ ቁልቁለት ላይ የተንጠለጠለ የድርቆሽ ማሳ። «ጣርማ በርን አይመስልም?» አለችኝ በመጨረሻ። ይመስላል። ለዘመናት የዚህ አገር ሰው ድንጋይ መጥረብና ዋሻ መቆፈር እየተማረ፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ቤልጅግ፣ ወደ አርጀንቲና ይሰደድ ነበር። ድሃ አገር ነበር። ለሙሶሊኒ ጦርነት ሰው በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከድሃ አገር ነው። ይህን የምለው ይቅር ለማሰኘት ሳይሆን፣ የአያቴ ጠይት የሚፈልገው ሰው ማን እንደነበር ለማወቅ ነው። ማታ ምግብ ቤት ገብተን የአገሩን ምግብ ስናዝዝ ቢጫ የበቆሎ ገንፎ መጣልን። ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ለገንፎ ነው አልፕስ ድረስ የመጣነው?»

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ጸሐፊዋ ጎልማሳ ሴት ናት። ልጄ በምትንተባተብ ጣሊያንኛ ስታስረዳት፣ መነጽሯን አውልቃ ሦስታችንንም ቀና ብላ አየችንና ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። ትልቅ መዝገብ ይዛ ወጣች። እ.ኤ.አ. 1909። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ስሙ አለ። አማቴ ሰማንያ ዓመት በጆሮ የያዙት ስም በቀለም ተጽፎ ሳየው እግሬ ራደ፤ ባለቤቴ ደግሞ መዝገቡን በእጇ መዳፍ ነካችው።

የጣሊያን የልደት መዝገብ ኅዳግ አለው። ሰው ሲያገባ፣ ሲሞት እዚያ ኅዳጉ ላይ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ1934 የዚያችኑ መንደር ልጅ እንዳገባ ተጽፏል። በ1978 እንደሞተም ተጽፏል። ባለቤቴ ዓመቶቹን በጣቷ ቆጠረች። እኛ አገር የመጣው ካገባ በኋላ ነው። ጸሐፊዋ ሌላ መዝገብ ገልጣ አሳየችን። የመጀመሪያው ወንድ ልጁ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሁለተኛው በ1948 ተወልደዋል። በመሃል አሥራ ሦስት ዓመት ክፍት ነው። እናታችን በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ናቸው።

ከአውራጃው ቤተ መዛግብት ቀደም ብለን በደብዳቤ የጠየቅነው የወታደርነት ወረቀቱም ደረሰን። እ.ኤ.አ. በ1936 ከናፖሊ ተሳፈረ። ምጽዋ ወረደ። በከባድ መኪና ጓድ ተመደበ። በ1941 በእንግሊዞች ተማረከ። ወደ ኬንያ ተወሰደ። በ1946 ተመለሰ። ወረቀቱ የወባ ሕመሙን ሳይቀር መዝግቧል። ጥንቁቅ መንግሥት ነው። ልጁን ግን አያውቃትም።

መቃብሩን ለማየት አበባ ገዝተን ሄድን። አላገኘነውም። በዚያ አገር የመቃብር ቦታ ለተወሰነ ዓመት ነው የሚሰጠው፤ ጊዜው ሲያልፍና የሚያሳድስ ዘመድ ሲጠፋ አጽሙ ተነሥቶ ከሌላው ጋር በአንድ የጋራ ማስቀመጫ ይገባል። ልጆቹ ስዊዘርላንድ ተሰደው እዚያው ሞተዋል። ባለቤቴ አበባውን በጋራው ማስቀመጫ ደጃፍ አኖረችና «ለሁሉም ይድረሳቸው» አለች። በመንደሯ አደባባይ ካለው የጦርነት መታሰቢያ ላይ ስሞች አነበብን። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ፣ ከሁለተኛውም ብዙ፣ በ«ምሥራቅ አፍሪካ» ሥር ሁለት። ሁለቱን ስም ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። የትኛው ተራራ ላይ፣ በማን ጥይት እንደወደቁ አይናገርም። አያቴን አሰብኩ። ስለገደለው ሰው አንድም ቀን ሲፎክር አልሰማሁትም፤ ሲጠየቅ «ጉም ነበር፣ አይታይም» ብቻ ነበር የሚለው።

*

ልንመለስ ስንል ጸሐፊዋ ሆቴላችን ድረስ መጣች። የሰውዬው የወንድም ልጅ አሉ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሊያዩን ይፈልጋሉ።

አሮጊቷ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ባለቤቴን አዩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቡና ፈላ። ፎቶግራፍ ወጣ። መካከለኛ ቁመት፣ ወፍራም ቅንድብ። የአማቴ ቅንድብ ነው። ልጄ እንደምንም ብላ ጠየቀችልን፤ አፍሪካ ውስጥ ልጅ እንዳለችው ያውቁ ነበር?

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የሚያውቁት ትልልቆቹ እንደነበሩ፣ የአጎታቸው ሚስት በሕይወት እያሉ ያ ነገር በዚያ ቤት እንደማይነሣ ነገሩን። እርሱም አንድ ቀን እንኳ አንሥቶት አያውቅም። ደብዳቤ? አልጻፈም። ገንዘብ? አልላከም። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይህንን ነው ይዘን የምንመለሰው ብዬ አሰብኩ።

ልንነሣ ስንል አሮጊቷ ልጄን እጇን ያዙና አንድ ነገር ጠየቋት። አጎታቸው ከአፍሪካ ሲመለስ እርሳቸው የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሲወድቁ፣ ሲያለቅሱ፣ አንሥቶ አንዲት ቃል ይላቸው ነበር። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ያቺን ቃል ያውቋታል፤ የመንደሩ ቋንቋ አይደለችም፤ የራሱ ፈጠራ መስሏቸው አድገዋል። ወንዶቹንም ሴቶቹንም፣ አንዳንዴ የታመመች ላም እንኳ እንዲያ ይላት ነበር። ምን ማለት ይሆን?

«አይዞሽ» አሉ አሮጊቷ።

ልጄ አልተረጎመችም። መተርጎምም አያስፈልግም። ሦስታችንም ደርቀን ቀረን።

እንግዲህ እኔ ዕድሜዬን በቃል ንግድ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ነገሩን በዚያው ዓይን አየሁት። «አይዞህ» አይደለም፤ «አይዞሽ» ነው። ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለላምም «አይዞሽ»። የኛን ቋንቋ ከወንዶች ጋር፣ ከሠራተኛው ጋር የተማረ ሰው ቢሆን «አይዞህ»ን ባወቀ ነበር። ይህ ሰው ቃሉን የያዘው ለሴት ሲባል ሰምቶ ነው። ምናልባት የምታለቅስ ሕፃን አንሥቶ ራሱ ሲላት ለምዶት፣ ምናልባትም ያቺ የደብረ ሲና ሴት ለልጇ ስትላት ሰምቶ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስለ እሷ አልተናገረም። «ሽ»ዋ ግን ከምላሱ አልወጣችም።

ባለቤቴ ግን እንደኔ አልተመሰጠችም። ወደ ሆቴል ስንመለስ በመንገድ ላይ «አይዞሽ እዚያ ቢላት ነበር የሚሻለው» አለችኝ። ልክ ናት። አያቷ ጠላ ጠምቀው፣ እንጨት ሸጠው፣ ስድቡን ችለው ነው ልጃቸውን ያሳደጉት። በአንዲት ቃል ያ ሁሉ አይከፈልም። እኔም ሒሳቡ ተዘጋ አላልኩም። ከእነሱ የዕቃ ስም ብቻ ወሰድን ስንል፣ ከኛ ደግሞ ምን ወስደው እንደሄዱ ሳንጠይቅ ቀርተናል ነው የምለው።

*

አዲስ አበባ እንደገባን አማቴ ዘንድ ሄድን። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርናቸው። ሚስት እንደነበረችው ስንነግራቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ እንጂ አልደነቃቸውም። ስለ ልጆቹ ስንነግራቸው ግን «ወንድሞች ነበሩኝ ማለት ነው?» ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ያላዩዋቸውን ወንድሞቻቸውን የዚያኑ ዕለት አለቀሱላቸው። ስማቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ አስጠሩኝ።

ከዚያ «አይዞሽ»ን ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙ።

«ለወንዶቹም አይዞሽ ነበር የሚል?»

«አዎ እማማ።»

«እና አማርኛ ሳይችል ነው የሄደው!» አሉና እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። ሲስቁ የአሮጊቷ የወንድም ልጅ ሳቅ ነው።

ወረቀቱን አውጥቼ ለማሳየት ብሞክር «እኔ ምኑን አነበዋለሁ፣ አንተ አንብብልኝ» አሉኝ። ከናፖሊ ተሳፈረ ብዬ ጀመርኩ። ምጽዋ ወረደ። «ይህንን ዝለለው፤ ደብረ ሲና የሚለው ጋ አንብብልኝ» አሉኝ።

«ደብረ ሲና የሚል የለውም እማማ።»

ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው። መልሰው ሰጡኝ።

«እንግዲያውስ አንተ ጻፈው» አሉኝ።